ቃል አመላላሽ

ደላላ የሚለው ቃል በአማርኛችን ብዙም ክብር የለውም። ስንሰማው አእምሯችን ላይ የሚመጣው ሁለት ሰዎች መካከል ገብቶ ያልደከመበትን የሚቆርስ፣ አንዱን ሲያሞግስ ሌላውን የሚያጣጥል፣ ዋጋ አናሪ ሰው ነው። «የመርከብ ደላላ ነኝ» ስል ሰው ፊት ላይ የማነበውም ይኸንኑ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን «የባሕር ትራንስፖርት ላይ ነው የምሠራው» ብዬ አልፍ ነበር። ዛሬ አላድበሰብስም። ደላላ ነኝ። ሥራው ከሰው ምን እንደሚጠይቅ ካየሁ በኋላ ቃሉን የምደብቅበት ምክንያት አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ነጋዴ 50,000 ቶን ስንዴ ሸጧል እንበል፤ ስንዴው አንድ ወደብ ላይ ተከማችቷል፣ ገዢው ውቅያኖስ ማዶ ይጠብቃል። በሌላ በኩል መርከቡ ከአሥር ቀን በኋላ የድንጋይ ከሰል አራግፋ ባዶ የምትሆንበት ባለመርከብ አለ። ባዶ መርከብ በየቀኑ ገንዘብ ትበላለች፤ የመርከበኛው ደመወዝ፣ መድኑ፣ የባንኩ ወለድ ሥራ የለም ተብሎ አይቆምም። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም፤ ቢተዋወቁም አይተማመኑም። ከዓለም ንግድ በመጠን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በባሕር ነው የሚጓዘው፤ ከዚያ ውስጥ እህሉ፣ ከሰሉ፣ የብረት ማዕድኑ፣ ድፍድፍ ነዳጁ ለአንድ ጉዞ ወይም ለተወሰኑ ወራት በሚከራዩ መርከቦች ይጫናል። እዚያ መሐል የሚገባው ደላላ ነው። መርከብ የለውም፣ ስንዴ የለውም። አንዱ ያለውን ለሌላው ያደርሳል፣ የሌላውን መልስ ይዞ ይመለሳል። ሲሳካለት ከኪራዩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 1.25 በመቶ ያገኛል። ሳምንት ሙሉ ለፍቶ፣ ሌሊቱን ስልክ ይዞ አድሮ፣ ነገሩ በመጨረሻዋ ሰዓት ከፈረሰ ምንም አያገኝም።

ሙያውን የሚፈትነው ይህ «ምንም» ነው። የሚከፈልህ ውል ሲቋጭ ብቻ ከሆነ፣ ውል የሚያቋጭ የሚመስል ነገር ሁሉ ያጓጓሃል። ባለመርከቡ በቶን ከ33 ዶላር ንቅንቅ የለም ብሎህ ሳለ፣ ለተከራዩ «32 ብትል እሺ የሚል ይመስለኛል» ማለት ቀላል ነው። ተከራዩ ገና እያሰበ ሳለ ለባለመርከቡ «ሌላ መርከብ ሊይዙ ነው፣ ፍጠን» ማለትም ቀላል ነው። ዛሬ ይሠራ ይሆናል። ነገ ግን ሁለቱ ሰዎች የሆነ ቦታ ይገናኙና ያን ቀን የተባለውን ያነጻጽራሉ። ይህ ዓለም ከውጭ ሲያዩት ሰፊ ይመስላል እንጂ ውስጡ ጠባብ ነው፤ በአንድ ዓይነት መርከብ፣ በአንድ መስመር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ስም በስም ይተዋወቃሉ። የዛሬው ኮሚሽን ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል፣ የሚቀጥለው አሥር ዓመት ደግሞ ወደ ሌላ ጎን። የመርከብ ደላላ ሆኖ መሰንበት ማለት በየቀኑ፣ በትንንሽ ነገር፣ ለሁለተኛው ጉተታ መሸነፍ ነው።

ሥራ የጀመርኩት እ.ኤ.አ. በ2007 መገባደጃ ላይ ነው። ስለ መርከብ አንዳች አላውቅም ነበር፤ የተቀጠርኩት ቁጥር ስለማልፈራና ጽሑፌ ንጹሕ ስለነበር ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ዝርዝር መሥራት ነበር። በየማለዳው ከሌሎቹ ቀድሜ እገባና ሌሊቱን የገቡትን በመቶ የሚቆጠሩ ኢሜይሎች እከፍታለሁ፤ የትኛዋ መርከብ፣ ስንት ቶን የምትጭን፣ የት ወደብ ላይ፣ በየትኛው ቀን ባዶ እንደምትሆን እየለቀምኩ ሠንጠረዥ ላይ አሰፍራለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው። ለስምንት ወር ያህል ከዚያ ውጭ ብዙም አልተሰጠኝም።

አንድ ቀን ጠዋት አለቃዬ ዝርዝሩን ይዘው ጠረጴዛዬ ዘንድ መጡ። አንዲት መስመር ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣

«ይህች መርከብ ማክሰኞ አራግፋ ትጨርሳለች ብለሃል። ማን ነገረህ?»

«ኢሜይል ላይ ነው ያየሁት።»

«የማን ኢሜይል?»

«የአንድ ደላላ።»

«እሱስ ከማን ሰማ?»

መልስ አልነበረኝም። «እንግዲያው ማክሰኞ አትበል» አሉኝ። «እገሌ ማክሰኞ ይላል፣ በል።»

ያን ጊዜ እንደ ጥቃቅን ጭቅጭቅ ነው የቆጠርኩት። ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞ ነው፣ ምን ለውጥ ያመጣል? ውሎ አድሮ ግን አብዛኛው የሙያው ክፍል እዚያች መስመር ላይ እንዳለ አየሁ። ካፒቴኑ ያለው፣ የወደቡ ወኪል ያለው፣ ሌላ ደላላ ከሌላ ደላላ ሰምቶ ያለው፣ ሦስቱም «ማክሰኞ» ቢሉም አንድ ማክሰኞ አይደሉም። ተከራዩ በዚያ ቀን ላይ ተማምኖ ስንዴውን በባቡር ወደ ወደቡ ሊያስጭን ነው። የምነግረው ቀን ምን ያህል እንደሚያስተማምን ካልነገርኩት፣ ቀኑን ብቻ መንገሬ ግማሽ ውሸት ነው።

ከዝርዝሩ ጋር ጂኦግራፊውም መጣ። የመርከብ ዓይነቶች ስም ራሱ ካርታ ነው። ፓናማክስ የምትባለው የድሮውን የፓናማ ቦይ በሮች ልክ ይዛ የተሠራች ናት። ካምሳርማክስ ደግሞ ጊኒ ውስጥ ባለው የቦክሳይት ወደብ በካምሳር ተሰየመች፤ እዚያ የምትገባው መርከብ ርዝመት 229 ሜትር ድረስ ስለሆነ እስከዚያው ድረስ ተለጥጣ 82,000 ቶን ገደማ እንድትሸከም ተደረገች። ኬፕሳይዝ የሚሏቸው ግዙፎቹ ስማቸውን ያገኙት በየቦዩ ማለፍ ስለማይችሉ በኬፕ በኩል፣ በአፍሪካና በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ዞረው ከመሄዳቸው ነው። እነዚህን ነገሮች ስማር የነበረኝን ደስታ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ዓለም በበርና በጥልቀት የተለካች ቤት ሆና ታየችኝ።

ቀጥሎ ስሌት መጣ። ባለመርከብ ጭነት ሲቀርብለት በቶን ስንት እንደሚከፈለው ይጠይቃል፤ የሚወስነው ግን በቀን ስንት እንደሚቀረው አይቶ ነው። እጄን ያፍታታሁበትን ዓይነት ሒሳብ ላሳይ። 50,000 ቶን በቶን 32 ዶላር ሲሆን ጠቅላላ ኪራዩ 1,600,000 ዶላር ነው። የኮሚሽኖቹ ድምር 3.75 በመቶ ከሆነ 60,000 ይወጣል። መርከቧ ወደ መጫኛው ወደብ ባዶዋን የምትሄድበትን ጨምሮ 35 ቀን ባሕር ላይ ትቆያለች እንበል፤ በቀን 28 ቶን ነዳጅ፣ ቶኑ በ600 ዶላር፣ 588,000 ይሆናል። የሁለቱ ወደቦች ወጪ 160,000። የሚተርፈው 792,000 ዶላር ነው። የ35 ቀን ጉዞና የ10 ቀን የወደብ ቆይታ ሲደመር 45 ቀን፤ ሲካፈል በቀን 17,600 ዶላር። አሁን ወደቡ ላይ ወረፋ ተገኘና መርከቧ መልሕቅ ጥላ 5 ቀን ቆመች። ያው ገንዘብ በ50 ቀን ሲካፈል 15,840 ነው። የቆመችበት ጊዜ በውሉ መሠረት ካልተካሰ በቀር፣ በቶን አንድ ዶላር ለማስጨመር ሁለት ቀን የተከራከረ ባለመርከብ የወደቡን ወረፋ ባለመጠየቁ ብቻ ከዚያ በላይ አጣ ማለት ነው።

አለቃዬ ይህን በእርሳስ ነበር የሚያሠሩኝ። ኮምፒውተሩ በሰከንድ የሚያወጣውን ለምን እንደምለፋበት አልገባኝም ነበር፤ አሁን ለአዲስ ልጆች እኔም በእርሳስ ነው የማሠራቸው። በእጅ ሲሠራ የትኛው ቁጥር ሲነካ ጠቅላላው እንደሚናወጥ ጣት ያውቀዋል። ለምሳሌ የነዳጅ ፍጆታ በግምት ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ነው የሚያድገው፤ ፍጥነት ጥቂት ሲቀነስ ነዳጁ በብዙ ይወርዳል። ኪራይ ሲረክስና ነዳጅ ሲወደድ መርከቦች ሁሉ ለምን እያዘገሙ እንደሚሄዱ በቃል ቢነግሩኝ እረሳው ነበር።

ዓመት ሳይሞላኝ ገበያው ሰማይ ነካ። እዚህ ላይ ስለ ባልቲክ ኤክስቼንጅ ትንሽ ልበል፤ የሙያችን ታላቅ ቤት ነውና። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1744 ለንደን ውስጥ የመርከብ አዛዦችና ነጋዴዎች ተገናኝተው ጭነት ከሚዋዋሉበት ቡና ቤት ነው። መፈክሩ «ቃላችን ማሰሪያችን» የሚል ነው። ዛሬ ባለቤቱ የሲንጋፖር የአክሲዮን ገበያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የገዛው። በየሥራ ቀኑ የሚያወጣው የደረቅ ጭነት ኢንዴክስ የሚሰላው ተመራጭ የደላላ ቤቶች በየመስመሩ ያለውን ኪራይ ገምግመው ከሚሰጡት ቁጥር ነው። ዜና ላይ የዓለም ኢኮኖሚ የልብ ትርታ እየተባለ የሚጠቀሰው ቁጥር መነሻው፣ እንግዲህ፣ የደላላ ቃል ነው።

ያ ኢንዴክስ እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 2008 ላይ 11,793 ደረሰ። ትልቅ ኬፕሳይዝ መርከብ ለአንድ ቀን ከ200,000 ዶላር በላይ ትከራይ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 5 ቀን 663 ነበር። ያቺው መርከብ በቀን 5,000 ዶላር እንኳን የሚሰጣት አጣች። ባንኮች እርስ በርስ መተማመን ሲያቆሙ ባንክ ለሻጩ እከፍላለሁ ብሎ ዋስ የሚሆንበትን የሌተር ኦፍ ክሬዲት ወረቀት የሚቀበል ጠፋ፤ ጭነቱ እያለ፣ መርከቡ እያለ፣ በመካከሉ ያለው እምነት ስለተነነ ብቻ መርከቦች ወደብ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

በእነዚያ ሰባት ወራት ያየሁት በሙያዬ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ነው። በግንቦት መርከብ በውድ ለሦስት ዓመት የተከራዩ ሰዎች በኅዳር ስልክ ማንሳት አቆሙ። አንዳንዱ ውሉ ላይ ቀዳዳ እንዲፈልጉለት ጠበቃ ቀጠረ። አንዳንዱ ደግሞ ራሱ ደወለ፤ «እየከሰርኩ ነው፣ ግን ሰኔ ድረስ እከፍላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጭ ብለን እንነጋገር» አለ። የእነዚህኞቹን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ገበያ ሲወጣ ሁሉም ሰው ቃሉን ያከብራል፤ ማክበሩ ምንም አያስከፍለውምና። ማን ምን እንደሆነ የታየው ቃል መጠበቅ ውድ የሆነ ጊዜ ነው። አለቃዬ በዚያ ሰሞን አንድ ደብተር ይዘው ነበር፤ ማን እንደደወለና ማን እንደጠፋ የሚጽፉበት። ገበያው ከተመለሰ በኋላም ያንን ደብተር ሲገልጡት አይቻለሁ።

አሁን ወደ ድርድሩ ልምጣ፤ ብዙ ሰው ሥራችን ይህ ብቻ ይመስለዋል። በእኛ ዘንድ «ፈርም» የሚባል ቃል አለ። ባለመርከቡ «መርከቤን በዚህ ዋጋ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ውል አቅርቤያለሁ፣ ፈርም፣ እስከ 17:00 በለንደን ሰዓት» ሲል እስከዚያ ሰዓት ድረስ መርከቧን ለሌላ አያቀርብም። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው። ተከራዩ እንዳለ ከተቀበለ አለቀ። «ተቀብለናል፣ ከሚከተሉት በቀር» ብሎ አንዲት ነገር ከቀየረ ግን የመጀመሪያው አቅርቦት ሞተ፤ አሁን የራሱ አቅርቦት ነው ጠረጴዛው ላይ ያለው፣ ባለመርከቡም ነፃ ነው። ብዙ አዳዲስ ተከራዮች ይህን አያውቁም። አምስት ሳንቲም ለማስቀነስ ብለው የያዙትን መርከብ ለቀው እንደሄዱ የሚገባቸው ባለመርከቡ ለሌላ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ መልሳቸውን ከማድረሴ በፊት «ይህን ካልኩ በኋላ የያዝከው ነገር የለም፣ ልላከው?» እላለሁ። ጊዜ ይወስዳል። አንዳንዴም ያናድዳቸዋል።

ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች ከተቋጩ በኋላ «ሰብጀክት» የምንላቸው ይቀራሉ፤ ጭነቱ መኖሩ ይረጋገጥ፣ ተረካቢው መርከቧን ይቀበላት፣ ዝርዝር አንቀጾቹ ይታዩ የሚሉ። በእንግሊዝ ሕግ እነዚህ እስኪነሱ ድረስ አሳሪ ውል የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ጁኒየር ኬ በምትባል መርከብ ጉዳይ ዳኛው ይህንኑ ነው ያሉት፤ «ዝርዝሩ እስኪታይ» በሚል ቃል የቆመ ስምምነት ገና ውል አይደለም ብለው። ስለዚህ ደላላው ለአንድና ለሁለት ቀን ያልተወለደ ልጅ ይጠብቃል። እነዚያን ሰዓታት ያልለመደ ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻለዋል። ስልኩ በእራት ሰዓት፣ በልቅሶ ቤት፣ በሌሊት ይጮኻል፤ የአንዱ ወገን ማታ የሌላው ወገን ጠዋት ነውና። ቤተሰቦቼ ይህን ለምደውልኛል ማለት አልችልም። ታግሠውኛል።

ሰብጀክቱ ሲነሳ ደላላው «ሪካፕ» ይጽፋል፤ የተስማሙበትን ሁሉ የያዘ አንድ መልእክት። የታተመው የውል ቅጽ፣ ለምሳሌ ቢምኮ የተባለው ዓለም አቀፍ የመርከብ ሥራ ማኅበር ያወጣው ጄንኮን፣ በኋላ ይሞላል፤ አንዳንዴም መርከቧ ሄዳ ከተመለሰች በኋላ ነው የሚፈረመው። ክርክር ሲነሳ ሁሉም የሚመዘው ሪካፑን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በሦስተኛ ዓመቴ የጻፍኩትን ሪካፕ አልረሳውም። ውሉ የእህል ጭነት ነበር። መርከብ ለመጫንና ለማራገፍ የተወሰነ ነፃ ጊዜ ይሰጣል፤ ያ ካለፈ ተከራዩ ዲመሬጅ ይከፍላል፣ በዚያ ውል በቀን 20,000 ዶላር። ነፃው ጊዜ ሲቆጠር እሑድና በዓላት ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ የሚለው ነጥብ ሁለት ቀን አከራክሮን በመጨረሻ ይቆጠሩ ተባለ። ባለመርከቡ ለዚህ ሲል ከዋጋው ላይ ለቅቋል። ሪካፑን ስጽፍ ጊዜ ለመቆጠብ የቀድሞ ሪካፕ ገልብጬ የተቀየሩትን መስመሮች አስተካከልኩ። አንዱን መስመር አላስተካከልኩም። የእሑድና የበዓል መስመር እንደ ድሮው «አይቆጠሩም» ብሎ ቀረ። ለሁለቱም ወገን ላክሁ፤ ሁለቱም «ትክክል ነው» ብለው መለሱ። ማንም በደንብ አላነበበውም።

ስህተቱን ያየሁት ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ መርከቧ ማራገፊያ ወደቡ ላይ ሳለች ነው። የማራገፊያው ጊዜ ከአንድ እሑድና ከሁለት ቀን በዓል ጋር ገጥሞ ነበር። ሦስት ቀን፣ 60,000 ዶላር። ወንበሬ ላይ ሆኜ እጄ ሲቀዘቅዝ ተሰማኝ። ባለመርከቡ ገና አላወቀም። ሒሳቡ እስኪመጣ አንድ ወር ነበረ፤ ያን አንድ ወር ዝም ብዬ ላሳልፈው የምችልበት መንገድ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጭንቅላቴ ውስጥ አለፈ። ምናልባት ተከራዩ አያየውም። ምናልባት ዝናብ ይዘንብና ቀኖቹ በሌላ ምክንያት ይወድቃሉ።

አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ነገርኳቸው። አልጮኹም። «ለባለመርከቡ አሁን ትደውላለህ» አሉ፤ «እኔ አይደለሁም የምደውለው። አንተ ነህ። የተስማማችሁበትን ቀን መልእክት አብረህ ትልካለህ።» ደወልኩ። «ሪካፑ ላይ የጻፍኩት ከተስማማችሁት ይለያል፤ ስህተቱ የኔ ነው፤ ለተከራዩም አሁን እነግረዋለሁ» አልኩት። በመስመሩ ላይ ያለው ዝምታ ረጅም ነበር። ከዚያ «ሒሳቡ ከመምጣቱ በፊት ነገርከኝ» አለና ዘጋው። ምን ማለቱ እንደሆነ ያን ቀን አልገባኝም።

ተከራዩ በጽሑፍ ያለው ይሄ ነው ብሎ ጥቂት ከያዘ በኋላ፣ የድርድሩ መልእክቶች ግልጽ ስለነበሩ ግማሹን ለመክፈል ተስማማ። ቤታችን ከዚያ ውል ያገኘውን ኮሚሽን በሙሉ ተወ፣ ተጨማሪም ከፈለ። ባለመርከቡ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ አልደወለልኝም። በኋላ ሲደውል ስለዚያ ነገር አላነሳም፤ አንድ መርከብ ሰጠኝ፣ ሪካፑንም ከፊርማ በፊት በስልክ መስመር በመስመር እንዳነብለት ጠየቀኝ። እስካሁን እንዲሁ እናደርጋለን። ከዚያ ወዲህ ከሌላ ሪካፕ ገልብጬ አላውቅም። ባዶ ገጽ ላይ ነው የምጀምረው።

ሰዎች ሥራው እንዴት እንደሚጀመር ይጠይቁኛል። ዲግሪ ግዴታ የሚሆንበት ቤት አለ፣ የማይሆንበትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1911 የተቋቋመውና በ1920 ንጉሣዊ ቻርተር ያገኘው የቻርተርድ ሺፕብሮከርስ ኢንስቲትዩት ፈተናዎች አሉት፤ ተቀምጬባቸዋለሁ፣ በተለይ የሕጉና የጉዞ ስሌቱ ክፍል ጠቅሞኛል። ለንደን፣ ኦስሎ፣ ፒሬየስ፣ ሲንጋፖር ትልልቆቹ መንደሮች ናቸው። ደረቅ ጭነት፣ ታንከር፣ የመርከብ ሽያጭ፣ የአዲስ መርከብ ግንባታ ትእዛዝ፣ መርከብ ለቁርጥራጭ ብረት መሸጥ፣ ሁሉም የየራሱ ደላላ አለው፤ አንዱን መርጠህ ብዙ ዓመት ትቆይበታለህ። ከዚህ በላይ ስለ መግቢያው የምለው የለኝም። ከገቡ በኋላ ያሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ናቸው ከባዶቹ፤ ሌሎች ውል ሲቋጩ እያየህ ዝርዝር የምትሠራባቸው።

ደግሞ አሁን አሁን የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለ። ሁሉም መርከብ በስክሪን ላይ ሲታይ ደላላ ምን ያደርጋል? እውነት ነው፣ የመርከቦች መገኛ የሚያሳየው ኤአይኤስ የተባለው መሣሪያ ከመጣ ወዲህ እኔ ስምንት ወር የለፋሁበትን ዝርዝር ግማሹን ማንም ሰው በስልኩ ያየዋል። ያቺ ነጥብ ግን መርከቧ የት እንዳለች እንጂ ባለቤቱ ምን እንዳሰበ አትናገርም። በሚቀጥለው ወር ለጥገና ሊያስገባት እንደሆነ፣ ባለፈው ጊዜ የጫነችው ድኝ ሆልዷን፣ ማለትም የጭነት ክፍሏን፣ ስለጎዳው ዳግም ድኝ እንደማይነካ፣ ከዚያ ተከራይ ጋር ያልተዘጋ ሒሳብ እንዳለው ነጥቧ አታውቅም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው የኮንቴይነር መርከብ ስዌዝ ቦይ ላይ ለስድስት ቀን ስትጋደም መርከቦቹ ተሰልፈው ቆመው ዓለም ሁሉ በካርታ ላይ ያያቸው ነበር። ከደንበኞቼ የሚመጣው ስልክ ግን አልቆመም፤ የሚጠይቁትም የትኛው ባለመርከብ በኬፕ በኩል ለመዞር ወስኗል፣ ማንስ ይጠብቃል የሚለውን ነበር። ያ መረጃ የሚገኘው የሚያምንህ ሰው ስልክ ሲያነሳልህ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር በደረሰው ጥቃት ብዙ መርከቦች መንገድ ሲቀይሩም እንዲሁ ነበር። በዚያው ልክ የማረጋገጥ ሸክሙ ከብዷል፤ የማዕቀብ ዝርዝር፣ የባለቤትነት ምርመራ፣ በመካከል ገብቶ የባንክ ቁጥር የሚቀይር ሌባ። የባንክ ቁጥር ተቀየረ የሚል ኢሜይል ሲደርሰኝ፣ ከሚያውቀኝ ሰው እንኳን ቢሆን፣ በድሮው ስልክ ቁጥሩ ደውዬ ድምፁን ሳልሰማ አላስተላልፈውም።

አንድ ነገር ግን ቀደም ብዬ ማድረግ ነበረብኝ፤ መርከብ ላይ መውጣት። አራት ዓመት ሙሉ መርከብ ሳከራይ አንድም ቀን መሰላል ረግጬ አላውቅም ነበር። «ግሬን ክሊን» የሚለውን ቃል በመቶ ሪካፕ ላይ ጽፌዋለሁ፤ የመርከቧ ሆልድ እህል ለመቀበል የጸዳ ይሁን ማለት ነው። ይህ ቃል በእጄ ላይ ሁለት ቃል ነበር፣ ከዚያ በላይ ምንም አልነበረም።

አምስት ሆልድ ያላት መርከብ ነበረች፣ ከሰል አራግፋ የመጣች፣ ስንዴ ልትጭን። ሆልድ የሚሉት የመርከቧ ሆድ ነው፤ ከላይ ሆነህ ወደ ታች ስታይ ፎቅ ቤት ውስጥ ጣሪያው ተነስቶ እንደማየት ነው። ግድግዳው በብረት አጥንት የተደረደረ፣ ታች ያሉት ሰዎች የልጅ ያህል ያነሱ። ባሕሩን ሲያቋርጡ ቀንና ሌሊት ሲያጥቡት ከርመዋል፤ መጀመሪያ በባሕር ውኃ፣ ከዚያ ጨው እንዳይቀር ጨው በሌለው ውኃ። ረጃጅም እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ ብሩሽ ይዘው ራሳቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው ከፍ ያለውን አጥንት ይፈትጋሉ፤ የወደቀው ጥቁር ውኃ ፊታቸው ላይ ይወርዳል። አንዱ ልጅ፣ ሃያ ዓመት የሚሞላው አይመስልም፣ በእጁ መፋቂያ ይዞ የተላጠ ዝገት አንድ በአንድ እያነሳ ባልዲ ውስጥ ይከት ነበር።

መርማሪው የእጅ ባትሪውን ይዞ ወረደ፣ ተከትዬው ወረድኩ። አንደኛው አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ውስጥ ጥግ ላይ ወዳለ አንድ የብረት አጥንት ኋላ እጁን አስገባና አውጥቶ መዳፉን ለመጀመሪያው መኮንን አሳየው። ጥቁር ነበር። ማንም አልተከራከረም። መኮንኑ ዞር ብሎ ወደ ላይ ሁለት ቃል ተናገረ፣ ብሩሾቹ ተመልሰው ወረዱ። ያ ልጅ ባልዲውን አንስቶ ወደ ጥጉ ሄደ።

ሆልዱ እስኪያልፍ መርከቧ ዝግጁ ናት ማለት አይቻልም፤ ጊዜውም ለባለመርከቡ አይቆጠርም። ሁለቱም ወገን ከኔ ወሬ እየጠበቁ ነበር። መሰላሉን ወጥቼ መርከቧ ጎን ላይ ነፋሱን ተከልዬ ቆምኩና መጀመሪያ ለባለመርከቡ፣ ቀጥሎ ለተከራዩ ደወልኩ። ለሁለቱም ያልኩት አንድ ነው፤ «ሦስተኛው ሆልድ አላለፈም። የከሰል ብናኝ አለ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። መኮንኑ ስድስት ሰዓት ይፈጃል ይላል።»